ሥዕልና የእጅ ሥራችሁን ለጋለሪ ዐውደ ርዕይ ማዘጋጀት፦ ለሐዋሳ ሠዓሊዎችና የእደ ጥበብ ባለሙያዎች ዝርዝር መመሪያ

የማኅበረሰብ ጋለሪ ጥሪ በወጣ ቁጥር ያው ጣጣ ይደገማል። ሥዕሉ ቆንጆ ነው፤ ማንጠልጠያ የለውም። ጀበናዋ ታምራለች፤ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ ትወዛወዛለች። ዋጋው የቱ ጋ እንደተጻፈ አይታወቅም፤ የባለቤቱ ስልክ ደግሞ ዝግ ነው። በርክክብ ቀን የሚመለስ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው የጥበብ ጉድለት ኖሮበት አይደለም። ጀርባው ስላልተሠራ ነው። ተረካቢው ሥራችሁን መጀመሪያ የሚያየው ገልብጦ ነው።

በመጪው ዙር ለመግባት ካሰባችሁ ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ሂዱ። ከርክክቡ ቀን ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። በዘይት ቀለም የምትሠሩ ከሆነ አንድ ወርም አይበቃችሁም፤ ምክንያቱን ደረጃ 4 ላይ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ጥሪውን እስከ ታች አንብቡ፣ አዳራሹን እዩ

ብዙ ሰው የሚያነበው የመክፈቻውን ቀን ብቻ ነው። እናንተ የምትፈልጉት የርክክቡን ቀን ነው። ከዚያ እነዚህን ፈልጉ፦ ስንት ሥራ ይፈቀዳል፣ ትልቁ ልክ ስንት ነው፣ መስታወት ያለው ፍሬም ይቀበላሉ ወይ፣ የሚሰቅለው ማን ነው፣ ከሽያጩ ጋለሪው ስንት በመቶ ይወስዳል።

ቀኑን በቃል ጠይቃችሁ አረጋግጡ። «5/7» ተብሎ ከተጻፈ መጋቢት 5 ነው ወይስ ጁላይ 5? «3 ሰዓት» ከተባለ ጠዋት ነው ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ? የውጭ አገር ሰው ያለበት ዝግጅት ላይ ይህ ጥያቄ ሞኝነት አይደለም።

ቀኑ ከበዓል ጋር እንዳይጋጭም እዩ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ገብርኤል ስለሚነግሥ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ሥዕል ይዞ ማለፍ ፈተና ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ደግሞ በየዓመቱ በአያንቶዎች (ከዋክብትን በሚያነቡ የሲዳማ ሽማግሌዎች) ቆጠራ ስለሚወሰን ቀኑ ይለዋወጣል። የዘንድሮው መቼ እንደሚውል ጠይቁ።

ከዚያ ሜትር ይዛችሁ አዳራሹን ሄዳችሁ እዩ። ሦስት ነገር ብቻ መዝግቡ።

1. ግድግዳው ምንድን ነው? በጣታችሁ አንኳኩት። ደረቅ ድምፅ ከሰጠ ብሎኬት ወይም ኮንክሪት ነው። እንደ ከበሮ ካስተጋባ ቺፑድ ወይም ኮምፔንሳቶ ነው።
2. መስኮቱ ወዴት ያያል? ሀይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ስለሆነ ወደ ሀይቁ የሚያይ መስኮት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ ያስገባል። ከዚያ መስኮት ትይዩ መስታወት ያለው ሥዕል ከሰቀላችሁ ጎብኚው የሚያየው የራሱን ፊት ነው።
3. ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ የት የት ነው?

ደረጃ 2፦ ለምርጫ የሚላከውን ፎቶ አንሱ

ሥራውን ከቤት አውጡት። በጥላ ሥር፣ ጠዋት ወይም ደመና ሲሆን አንሱት። ፀሐይ በቀጥታ አይምታው፤ ፍላሽ አትጠቀሙ። ስልኩን ከሥዕሉ መሀል ትይዩ ያዙ። አራቱ ጎኖች ቀጥ ብለው ካልታዩ ስልኩ አዘንብሏል ማለት ነው። በጣም ተጠግታችሁ አታንሱ፤ ጠርዙን ያጎብጠዋል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በሉና ትንሽ ዙም አድርጉ።

ለእጅ ሥራ ሦስት ፎቶ በቂ ነው፦ ከፊት፣ ከጎን፣ አንድ ደግሞ ስፌቱ ወይም ጥለቱ በቅርብ የሚታይበት። ከጀርባ አንድ ቀለም ያለው ጨርቅ ዘርጉ። ሶፋና ቡፌ አይታይ።

ሲበላሽ፦ ፎቶው ደርሷቸው «ደብዛዛ ነው» ካሏችሁ ካሜራችሁን አትውቀሱ። ቴሌግራም ላይ በፎቶ መልክ ስትልኩት መጠኑን ያሳንሰዋል። በፋይል መልክ ላኩት። የፋይሉን ስም ደግሞ ስማችሁና የሥራው ርዕስ አድርጉት።

ደረጃ 3፦ ዋጋ ቁረጡ

እዚህ ጋ ነው ብዙዎች የሚከስሩት። የቁሳቁስ ወጪ፣ ፍሬም፣ ማጓጓዣና የሠራችሁባቸውን ሰዓታት ደምሩ። ይህ በእጃችሁ መግባት ያለበት ገንዘብ ነው። የጋለሪው ኮሚሽን ገና አልገባበትም።

7,000 ብር እጃችሁ እንዲገባ ፈልጋችኋል፣ ጋለሪው 30 በመቶ ይወስዳል እንበል። ብዙ ሰው 7,000 ላይ 30 በመቶ ጨምሮ 9,100 ይላል። ጋለሪው 30 በመቶ የሚቆርጠው ግን ከ9,100 ነው፤ እናንተጋ የሚደርሰው 6,370 ነው። ትክክለኛው ስሌት 7,000ን ለ0.7 ማካፈል ነው፤ 10,000 ብር። ኮሚሽኑ 20 በመቶ ከሆነ ለ0.8 አካፍሉ።

ያንኑ ሥራ ለጎረቤት በግማሽ ዋጋ አትሽጡ። ከተማው ትንሽ ነው፤ ወሬው ከእናንተ ቀድሞ ጋለሪው ይደርሳል።

ደረጃ 4፦ ጀርባውን ሥሩ

ከመመሪያው ሁሉ አንድ ክፍል ብቻ ደግማችሁ የምታነቡ ከሆነ ይህንን አንብቡ።

*መጀመሪያ ድርቀቱን አረጋግጡ።* አክሪሊክ ቶሎ ይደርቃል። የዘይት ቀለም ግን ላዩ ደርቆ ውስጡ ለሳምንታት እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ በስፓቱላ በወፍራሙ የተቀባ። ቫርኒሽ ለመቀባት በተለምዶ ስድስት ወር ይጠበቃል። ጠርዝ ላይ ወፍራም የሆነውን ቦታ በጥፍራችሁ ቀስ ብላችሁ ጫን በሉት። ከሰረጎደ ገና ነው። ማድረቂያ ክፍላችሁ ውስጥ ማታ መብራት አታብሩ፤ ሐዋሳ ላይ ትንንሾቹ በራሪ ነፍሳት ብርሃን ተከትለው ገብተው እርጥብ ቀለም ላይ ይለጠፋሉ። ከተለጠፉ በእርጥቡ አትልቀሙ። ሲደርቅ በለስላሳ ብሩሽ ይረግፋሉ።

*ማንጠልጠያ።* የሚያስፈልጋችሁ፦ ቀለበት ያላቸው ሁለት ጠፍጣፋ ማንጠልጠያዎች፣ አጫጭር ቪቲዎች፣ የሥዕል ሽቦ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ።

1. ሥዕሉን ንጹሕ ብርድ ልብስ ላይ በፊቱ አስተኙት።
2. የፍሬሙን ቁመት ለሦስት ክፈሉ። ከላይ አንድ ሦስተኛው ላይ በግራም በቀኝም በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ሁለቱ ምልክቶች እኩል መሆናቸውን ለኩ። ልዩነት ካለ ሥዕሉን ሊያጋድለው ይችላል።
3. የቪቲው ርዝመት ከእንጨቱ ውፍረት ማነሱን አረጋግጡ። ካልሆነ በፊት በኩል ይወጣል።
4. በቀጭን ፑንታ (የድሪል መብሻ) ፈር ቀዳዳ ብሱ። ደረቅ እንጨት ላይ ያለ ቀዳዳ ቪቲ ካስገባችሁ እንጨቱ ይሰነጠቃል።
5. ቀለበቶቹ ትንሽ ወደ ውስጥና ወደ ላይ እንዲያዩ አድርጋችሁ እሰሩ።
6. ሽቦውን በቀለበቱ ሁለት ጊዜ አሳልፉ። ከዚያ በራሱ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ጠምዝዙት። ጫፉን በፕላስተር ሸፍኑ፤ እጅ ይወጋል።
7. ሽቦው እንደ ክራር ክር አይወጠር። መሀሉን ወደ ላይ ስትጎትቱት ከፍሬሙ የላይ ጠርዝ ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ይቁም። ከዚያ በላይ ከወጣ ከፊት ይታያል።
8. ቤት ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቅላችሁ አሳድሩት። የሚላላ ከሆነ ቤታችሁ ይላላ።

ማስጠንቀቂያ፦ አሞራ ገደል አካባቢ የሚሸጠው የዓሣ ማስገሪያ ናይለን ክር ለሽቦ ምትክ አይሆንም። ጠንካራ ነው፤ ግን ቋጠሮው ይንሸራተታል፣ ክሩም ቀስ በቀስ ይለጠጣል። ለቀላል ፎቶ ካልሆነ አትጠቀሙበት። የሲባጎና የጫማ ክር ነገርማ ባይነሳ ይሻላል።

*በወረቀት ላይ የተሠራ ከሆነ።* ወረቀቱ መስታወቱን መንካት የለበትም። በሁለቱ መሀል ክፍተት የሚሰጥ የካርቶን ጠርዝ አስገቡ። ካልሆነ በዝናብ ወራት እርጥበት ይይዝና ሻጋታ ያወጣል፤ ቀለሙም መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ወረቀቱን ሙሉ በሙሉ በኮላ አትለጥፉት። ከላይ በኩል ሁለት ቦታ ብቻ ይያዝ፤ እርጥበት ሲይዝና ሲደርቅ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ይኑረው።

በመጨረሻ ጀርባው ላይ ስማችሁን፣ ርዕሱን፣ ዓመቱን፣ ስልካችሁንና «ላይ» የሚል ቀስት ጻፉ። አብስትራክት የምትሠሩ ቀስቷን አትርሱ። የት በኩል ላይ እንደሆነ ሰቃዩ በምን ያውቃል?

ደረጃ 5፦ የእጅ ሥራዎች

*ጨርቅ፣ ጥለት፣ ሽመና።* ሚስማር አትምቱበት፣ በመርፌ ቁልፍም አታንጠልጥሉት። ከጀርባው ላይኛ ጠርዝ 8 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ያለው የጥጥ ጨርቅ እንደ ቱቦ ስፉበት። ቱቦው ከጨርቁ ስፋት በግራም በቀኝም 3 ሳንቲሜትር ያህል ይጠር፤ የዘንጉ ጫፍ እንዳይታይ ነው። ዘንጉ በቱቦው ውስጥ አልፎ ክብደቱ በጠቅላላው ስፋት ላይ ይከፋፈላል። ወደ ጋለሪው ስትወስዱት አትጠፉት፤ ካርቶን ቱቦ ላይ ጠቅልሉት። የእጥፋት መስመር በአንድ ቀን አይለቅም።

*ሸክላ።* ታቹን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡና በጣት ነካ አድርጉ። ከተወዛወዘ ታቹን በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ፤ ወይም ከሥሩ ሦስት ትንንሽ የጎማ ቁራጮች ለጥፉ። ለረጅም ማሰሮና ለጀበና ዓይነቱ ደግሞ ደረቅ አሸዋ ንጹሕ ካልሲ ውስጥ ቋጥራችሁ ወደ ውስጥ አስገቡ፤ አፉ ሰፊ ከሆነ። ክብደቱ ወደ ታች ሲሄድ የሕፃን ክርን አይገለብጠውም። አሸዋውን እንዲሁ አታፍስሱበት፤ ማውጣቱ አበሳ ነው። ጥላሸት ያለውን ዕቃ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ አለበለዚያ የጎረቤቱን ነጭ ጋቢ ያበላሻል።

*ስፌትና ቀርከሃ።* ሙዳዩን ወይም ቅርጫቱን ነጭ ወረቀት ላይ አራግፉ። ጥቃቅን ዱቄት ከረገፈ ውስጡን የሚበላው ነፍሳት አለ። ወደ ጋለሪው አታስገቡት፤ የሌላውንም ይጨርሳል። የእንሰት ቃጫ ሥራ ከሚሞቅ አምፖል ይራቅ። በቀለም የተነከረ ስፌት ደግሞ በዚያ በምዕራቡ መስኮት ፀሐይ ሳምንት ሙሉ ከተመታ ይደበዝዛል።

ደረጃ 6፦ ጠቅልሉ፣ አድርሱ

የተቀባውን ፊት ፌስታል አይንካው። አክሪሊክ ሙቀት ሲያገኝ ይለሰልስና ከፕላስቲክ ጋር ይጣበቃል። መጀመሪያ የማይጣበቅ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት፣ ከዚያ ካርቶን፣ ከዚያ ከላይ ፕላስቲክ። አራቱን ማዕዘን በተጣጠፈ ካርቶን ሸፍኑ። ሁለት ሥዕል አብራችሁ ከያዛችሁ ፊት ለፊት አድርጓቸው፤ መሀል ላይ ካርቶን ይግባ። ጀርባ ለፊት ከሆኑ የአንዱ ሽቦ የሌላውን ቀለም ይፍቃል። መስታወት ላይ በማስኪንግ ቴፕ መስቀለኛ ምልክት አድርጉ። ቢሰበር እንኳ ስብርባሪው ሥዕሉን አይቀድም።

በባጃጅ የምትሄዱ ከሆነ ሥዕሉ ይቁም፤ አይተኛ። ተኝቶ በኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ መስታወቱ መሀል ለመሀል ይሄዳል። ከባጃጁ የጎን መጋረጃ ውጭ የሚተርፍ ልክ ከሆነ አትሞክሩት፤ አይሱዙ ያለው ወዳጅ ፈልጉ። ጠዋት ሂዱ። በዝናብ ወራት ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ዝናብ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

ሲበላሽ፦ ከረጠበ በፀጉር ማድረቂያ አታሙቁት። ጥቅሉን ፍቱት፣ ነፋስ ባለበት ጥላ አቁሙት። ሸራው ከላላ ሲደርቅ ብዙ ጊዜ ራሱ ይወጠራል።

ደረጃ 7፦ ርክክብ

ሥራውን አስቀምጦ መሄድ የለም። በሁለት ቅጂ የተፈረመ ወረቀት ያዙ። በላዩ ላይ የሥራው ዝርዝር፣ ዋጋው፣ ኮሚሽኑ፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚከፍል፣ ያልተሸጠው የሚወሰድበት ቀን እና የተሸጠው ገንዘብ የሚከፈልበት ቀን ይኑር። ቀድሞ የነበረ ጭረት ካለ እዚያው ይጻፍ። ተረካቢው ፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። «እኛ እንተዋወቃለን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል» የሚል ካለ ፈገግ በሉና ወረቀቱን አውጡ።

ደረጃ 8፦ መስቀል

1. ሁሉንም ሥራ ወለሉ ላይ ጨርቅ አንጥፋችሁ ደርድሩ። ግድግዳውን ገና አትንኩ። አንዴ ከተበሳ በኋላ ሐሳብ መቀየር ውድ ነው።

2. የሥዕሉ መሀል ከወለል 150 ሳንቲሜትር ላይ ይሁን፤ የአማካይ ሰው ዓይን እዚያ አካባቢ ነው። ትልቁም ትንሹም በመሀሉ ነው የሚስተካከለው፤ በላይ ጠርዙ አይደለም።

3. መንጠቆው የሚገባበትን ቁመት አስሉ። የሥዕሉን ቁመት ግማሽ 150 ላይ ደምሩ፤ ከዚያ ሽቦው ሲወጠር ከላይ ጠርዙ የሚርቅበትን ቀንሱ። ምሳሌ፦ ሥዕሉ 80 ሳንቲሜትር፣ ሽቦው ከላይ 7 ሳንቲሜትር ዝቅ ያለ። 150 ሲደመር 40 ሲቀነስ 7፤ 183። ቀዳዳው 183 ላይ ነው። ይህን ሳያሰሉ በዓይን የሚሰቅሉ ሰዎች ግድግዳውን ወንፊት ያደርጉታል።

4. ሰፊ ሥዕል ላይ ሁለት መንጠቆ ተጠቀሙ። አንድ መንጠቆ ብቻ ከሆነ በር በተዘጋ ቁጥር ይጋደላል። የሁለቱ ቁመት በውሃ ልክ ይታይ።

5. ብሱ። ከማብሪያ ማጥፊያና ከሶኬት በቀጥታ ወደ ላይም ወደ ታችም አትብሱ። ገመድ የሚያልፈው እዚያ ነው።
   - *ብሎኬት ከሆነ፦* 6 ሚሊሜትር ፑንታ፣ 6 ሚሊሜትር ፊሸር (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ቪቲውን የሚይዝ ፕላስቲክ)። የድሪሉን መዶሻ አጥፉት፤ ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ይፈረካከሳል። ግድግዳው ጄሶ ካለው ምልክቱ ላይ ማስኪንግ ቴፕ ለጥፋችሁ በዚያ ላይ ብሱ፤ ጠርዙ አይረግፍም። ከቀዳዳው ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት ለጥፉ፤ አቧራው እዚያ ይጠራቀማል።
   - *ቺፑድ ከሆነ፦* ፊሸር አያስፈልግም። ቪቲ በቀጥታ ይገባል። ሰሌዳው ብዙ ጊዜ 16 ወይም 18 ሚሊሜትር ነው። ከወዲያ በኩል የሌላ ሰው ሥዕል ካለ ረጅም ቪቲ አትጠቀሙ። ሚስማር በቺፑድ ላይ አይያዝም፤ ይላላል።

6. ሰቅላችሁ ውሃ ልኩን ከላይ አስቀምጡ። ከዚያ በታችኞቹ ሁለት ማዕዘኖች ጀርባ ትንንሽ ስፖንጅ ለጥፉ። አይንሸራተትም፤ ከኋላው አየር ስለሚያልፍም እርጥበት አይይዝም።

ሲበላሽ፦
- ፊሸሩ ብቻውን ከዞረ ቀዳዳው ሰፍቷል። ወደ 8 ሚሊሜትር አሳድጉት። ለቀላል ሥራ ከሆነ የክብሪት እንጨት በኮላ ነክሮ መሙላት ይበቃል።
- ፑንታው በድንገት ዘው ካለ የብሎኬቱ ባዶ ቦታ ላይ ደርሳችኋል። ጥቂት ሳንቲሜትር ወደ ጎን ሂዱ።
- መብራት ከጠፋ አትቸኩሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ባትሪ ያለው ድሪል አስቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉ፤ ሐዋሳ ውስጥ ይህ ምክር ትርፍ አይደለም።

የእጅ ሥራ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ከጠርዙ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ይግባ። በሩ ሲከፈት ከሀይቁ የሚመጣው የከሰዓት ነፋስ ቀላል ወረቀትና ቅርጫት ያንቀሳቅሳል።

ደረጃ 9፦ መግለጫ ካርድ

ቅደም ተከተሉ፦ የሠሪው ስም፣ ርዕስ፣ ዓመት፣ የተሠራበት ነገር፣ ልክ፣ ዋጋ። ዓመቱ ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ለዩ፤ የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ቀልድ አይደለም። ልኩ ቁመት በስፋት ነው። «ቅይጥ ቁሳቁስ» ብላችሁ አትለፉት፤ «ቃጫ፣ ቀርከሃና አክሪሊክ» በሉ። ካርዱ በአማርኛና በሲዳምኛ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የሲዳምኛውን ግን ቋንቋውን የሚጽፍ ሰው ያርመው። በሥራው ቀኝ በኩል፣ በሁሉም ላይ በአንድ ቁመት ለጥፉ።

ደረጃ 10፦ የመክፈቻው ቀን

መክፈቻውን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ብታደርጉት ፀሐይ እስክትጠልቅ ሁለት ሰዓት ገደማ የተፈጥሮ ብርሃን ታገኛላችሁ፤ መብራት ቢጠፋም ጎብኚ አይበተንም። ቡናው ከሥዕሎቹ ርቆ፣ ከተቻለ ደጅ ይፈላ። ጭሱና እጣኑ ደስ ይላል፤ ሸራ ግን ይጠጣዋል።

ሥራ ሲሸጥ ካርዱ ላይ ቀይ ነጥብ ይለጠፋል። ነጥቧን የምትለጥፉት ገንዘቡ በራሳችሁ ቴሌብር ወይም ባንክ መግባቱን ካያችሁ በኋላ ነው። ገዢው የሚያሳያችሁ ስክሪንሾት ማስረጃ አይሆንም። ቀብድ ብቻ ከተከፈለ ግማሽ ነጥብ ለጥፉና ቀሪው የሚከፈልበትን ቀን ጻፉ።

ደረጃ 11፦ ማውረድ

በተባለው ቀን ሂዱ። ብዙ ጋለሪ ማከማቻ የለውም፤ የቀረ ሥራ ኮሪደር ላይ ነው የሚደገፈው። ለሁለት አውርዱ፦ አንዱ ከሥር ይያዝ፣ ሌላው ሽቦውን ያውጣ። ሥራውን ርክክብ ላይ ካነሳችሁት ፎቶ ጋር እዚያው አስተያዩ፤ ጉዳት ካለ ከመውጣታችሁ በፊት ወረቀቱ ላይ ይስፈር። የተሸጠውን ከኮሚሽኑ ጋር አስልታችሁ ተፈራረሙ። መንጠቆውን ነቅላችሁ ቀዳዳውን በስቱኮ ሙሉ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሹ፣ ጋለሪው ካለው ቀለም ላይ ነካ ነካ አድርጉ። ቪቲዎቹና መንጠቆዎቹ ለሚቀጥለው ዙር ያገለግላሉ፤ በአንዲት ፌስታል ቋጥራችሁ ከውሃ ልኩ ጋር አስቀምጡ።